ሐሙስ ያልጠፋው መብራት

ኢንስፔክተር ሰርካዲስ ከደሴ ተጠርታ ኮምቦልቻ ስትደርስ አስከሬኑ ለምርመራ ተወስዷል። በመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ የቀሩት አንድ እግር ነጠላ ጫማና ያልደረቀ የሳሙና አረፋ ብቻ ነበሩ።

ሟቿ ፋኢዛ የሃያ አራት ዓመት ፋርማሲስት ነበረች። በሐጂ ዘይኑልአቢዲን ግቢ አንድ ክፍል ከነመታጠቢያ ቤቱ ተከራይታ ዓመት ኖራለች። ዓርብ ጠዋት ገላዋን ልትታጠብ እንደገባች ኤሌክትሪክ ያዛት።

«እኔ ነኝ የገደልኳት፤ ጻፊው» አሉ ሐጂ። ግራ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል።

«እንዴት ገደሏት?»

«የውሃ ማሞቂያው አርጅቷል፣ ይቀይሩልኝ አለችኝ። ሦስት ጊዜ። ሦስቴም ‹ኢንሻአላህ› ብዬ መለስኳት።»

ሰርካዲስ ምንም ሳትጽፍ በበረንዳው ግድግዳ ላይ ያለውን የብሬከር ሳጥን ከፈተች። ከብሬከሮቹ አንዱ አዲስ ነው። ከራሱ ተነስተው ከእግሩ የሚገናኙ፣ ቡናማ የጨርቅ ልባስ ያላቸው ሁለት ቁራጭ ሽቦዎች ግን እንደሱ አዲስ አልነበሩም።

የቤቱን መብራት የሚሠራው ኤሌክትሪሻን ወንድምአገኘሁ ተጠርቶ መጣ። ሽቦዎቹን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ብሬከሩን ከወር በፊት የገጠምኩት እኔ ነኝ። እነዚህን ግን አላውቃቸውም።»

«የብሬከሩ ሥራ ምንድን ነው?»

«ኤሌክትሪክ ወደ ውሃ ወይም ወደ ሰው ሲያፈተልክ ራሱ ያጠፋል። ማሞቂያው ይቀየር፣ ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦም ይቀበር ብዬ ነበር። ሐጂ ብሬከሩ ይበቃል አሉ።»

«እነዚህ ሽቦዎች ሲኖሩስ?»

«ብሬከሩ እንደሌለ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በጎኑ ያልፋል።»

አስከሬኑን ያገኘችው የሐጂ ልጅ መርየም ናት። ዋናውን ማጥፊያ አውርዳ በሩን የገፋችው እሷ ነበረች።

«ፋኢዛ ማሞቂያውን ባበራች ቁጥር የግቢው መብራት ጥፍት ይላል። ብሬከሩን እኔ ነኝ የማነሳው። ሐሙስ ጠዋትም አንስቼው ነው አባቴን ለዓይናቸው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይዣቸው የሄድኩት። ስንመለስ መሽቷል።»

«ዓርብ ጠዋትስ?»

«ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። ወላሂ ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ተገላብጬ ተኛሁ።» ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል የተከራየው ልብስ ሰፊው ሀፊዝ ነው። ሰርካዲስ ስትገባ ወንበር ላይ ጨርቅ አንጥፎ፣ ከሶኬቱ ሥር ጎብጦ ይተኩሳል። መተኮሻ ብርድ ልብሱ ግን በክፍሉ መሐል ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ የካውያ ቃጠሎ ምልክቶችም አሉበት።

«ለምን ጠረጴዛው ላይ አትተኩስም?»

«ገመዱ አይደርስም።»

«ድሮም አይደርስም ነበር?»

«ድሮም» አለ ቀና ሳይል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሰርካዲስ አራቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ሐሙስ ጠዋት ብሬከሩ ይሠራ ነበር፤ መርየም አንስታዋለች» አለች። «ሲመሽ ግን አይሠራም። ይህን የነገረችኝ ራሷ ፋኢዛ ናት።» የሟቿን ስልክ ከፍታ ሐሙስ አመሻሽ ላይ የተላከ መልእክት አነበበች፤ «ወንድምአገኘሁ፣ አላህ ይስጥልኝ። ማሞቂያውን ዛሬ ሳበራው መብራቱ አልጠፋም። ሳልኖር መጥተህ ሠራኸው መሰለኝ።»

ወንድምአገኘሁ አቀረቀረ።

«እሱ ግን አልመጣም። ቀኑን ሙሉ ደሴ ዙሪያ ወፍጮ ሲጠግን ውሏል፤ ባለወፍጮው አረጋግጠዋል። ሐጂና መርየም ሆስፒታል ለመሆናቸው የቀጠሮ ካርዱ ማስረጃ ነው። ፋኢዛ መብራቱ እሷው ሳትኖር እንደተሠራ አምናለች፤ የነካችው እሷ አይደለችም። ግቢው ውስጥ የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ቁራጭ ሽቦዎቹን ከሀፊዝ ካውያ ገመድ ጎን አስቀመጠቻቸው። ቡናማው ጨርቅ አንድ ነው።

«ድሮም አይደርስም ያልከኝ ገመድ ድሮ እስከ ጠረጴዛው ይደርስ ነበር። ብርድ ልብሱ ላይ ያለውን ቃጠሎ አይቻለሁ።»

ሀፊዝ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«የሠርግ ልብስ ነበረብኝ… የስፌት ማሽኑ እየቆመ አስቸገረኝ። መብራቱ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። እንድትሞት? ወላሂ…»

«ለምን እንደሚጠፋ ጠይቀህ ነበር?»

«አልጠየቅኩም።»

ሰርካዲስ ወደ ወንድምአገኘሁ ዞረች። «አንተስ? እንዳልመጣህ ታውቃለህ። ባልሠራኸው ሥራ ስትመሰገን አልደነገጥክም?»

«ደንግጫለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ጠዋት እደውላለሁ አልኩ። ደወልኩ። አላነሳችም።»

«እኔስ?» አሉ ሐጂ።

«እርስዎም ይጠየቃሉ፣ ሐጂ። ቤቱን ያከራዩት እርስዎ ነዎት፤ የመብራቱም ደኅንነት የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ሀፊዝ ያከሸፈው የመጨረሻውን መከላከያ ነው። ሌላው መከላከያ፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ ግን መጀመሪያም አልነበረም።»

በዚህ መሐል የግቢው በር ተንኳኳ። የፋኢዛ አባት አቶ ሁዘይፋ ነበሩ፤ የልጃቸውን አስከሬን ሊወስዱ ከደጋን ከተማ መምጣታቸው ነው። ጫማቸውና ሱሪያቸው በአቧራ ነጥቷል።

«መውደቋን ብቻ ነው የሰማሁት» አሉ አንድ በአንድ እያዩዋቸው። «እንዴት እንደሞተች የሚነግረኝ አጣሁ።»

ሰርካዲስ ልትነሳ ስትል ሐጂ ክንዷን ያዙ።

«ተይ ልጄ፤ መንገሩ የኔ ነው።»

ግድግዳውን እየተደገፉ ወረዱ። ለእንግዳው ወንበር በገዛ እጃቸው አቀረቡ፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

«አሰላሙ ዓለይኩም» አሉ።

«ወዓለይኩም ሰላም» አሉ አቶ ሁዘይፋ፤ ተቀምጠውም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ።