በጽሑፍ ወይስ በቃል

የሂሳብ መምህሩ ጠመኔ ፍለጋ ከክፍል እንደ ወጡ ቱርቦ የሚሠራበትን ወረቀት ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ጀመረ።

«ስሙኝማ፣ ይቺን ስሙልኝ» አለ ከኋላ ወንበር፣ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አጎርንኖ። «የመንጃ ፈቃድ ስልጠና ማመልከቻ። የሥራ ዓይነት፦ ጫኝና አውራጅ። የትምህርት ደረጃ፦ የለም። የንድፈ ሐሳብ ፈተና የሚወስዱት በጽሑፍ ወይስ በቃል? በቃል። ምክንያት፦ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ቀመርም ሳቀች። ምን እየተነበበ እንደሆነ በቅጡ ሳትሰማ፣ ዓይኗን ከጥያቄው ላይ ሳትነቅል፣ ሌሎቹ ስለ ሳቁ ብቻ ሳቀች።

«ታዲያ የመንገድ ምልክቱን ማን ሊያነብለት ነው?» አለ አንዱ።

«ረዳቱ ነዋ» አለ ሌላው፤ ከዚያም የሰውየውን ስም እንዲነግራቸው ቱርቦን ጠየቀው።

ቱርቦ ስሙን ከነአባቱ አነበበ። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። በየጠዋቱ ስም ሲጠራ ሬዲዮ ከሚሏት ልጅ ስም ቀጥሎ የአባቷ ስም ሆኖ የሚሰሙት ይህንኑ ነው፤ የአያቷም ስም ሳይቀር ልክ ነበር። ቱርቦ ራሱ የሰማው ካነበበው በኋላ ነው። አፉን እንደ ከፈተ ቀረ።

ሬዲዮ ከፊት ወንበር ተነስታ በወንበሮቹ መሀል አልፋ መጣችና እጇን ዘረጋች። ቱርቦ ወረቀቱን ሰጣት። ቆማ አነበበችው። ከታች የአውራ ጣት አሻራ ነበረበት፤ ቀለሙ ተጨማልቆ የጣቱ መስመር አይለይም። አራት ቦታ አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ተመልሳ ተቀመጠች። መምህሩ ጠመኔውን ይዘው ሲገቡ ክፍሉ ከመቼውም የበለጠ ጸጥ ብሎ አገኙት፤ ደስ አላቸው።

ቀመር እርሳሷን አስቀመጠች። ያንን ወረቀት ለቱርቦ የሰጠችው እሷ ናት።

ሬዲዮና ቀመር የሚሉት ስሞች የወጡላቸው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነው። ሬዲዮ ጠዋት በሰልፍ ላይ ማስታወቂያና ዜና የምታነበው ልጅ ናት፤ ማይክሮፎኑ ቢበላሽ እንኳ የመጨረሻው ሰልፈኛ ጥርት አድርጎ ይሰማታል። ቀመር ደግሞ ሂሳብ ካልሠራች የበላችው የማይረጋላት ናት ይሏታል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዷ ድርሰቱን፣ ሌላዋ ስሌቱን እየተጋገዙ እዚህ ደርሰዋል።

ሂሳብ ደግሞ ወረቀት ይበላል። የቀመርን ወረቀት የምታመጣው እናቷ ናት። እናቷ በትራንስፖርት ቢሮ፣ በአሽከርካሪዎች ስልጠና ክፍል መረጃ መዝጋቢ ናት፤ መንግሥት በጉልበታቸው ለሚያድሩ ሰዎች በከፈተው የመንጃ ፈቃድ ስልጠና የሚያመለክት ሁሉ በእሷ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። ስሙን፣ ስልኩን፣ የዓይኑን ምርመራ፣ ያለበትን በሽታ ጠይቃ ትመዘግባለች። ምስጢር በመጠበቅ የታወቀች ናት። ውኃ ልትጠጣ ስትነሳ እንኳ ኮምፒውተሯን ትቆልፋለች። ጎረቤት የልጄን ውጤት ንገሪኝ ብሎ ደጅ ቢጠና፣ ልጅዎን ይጠይቁት ብላ ትመልሳለች እንጂ ትንፍሽ አትልም።

ወረቀት ሲሆን ግን ሌላ ሰው ናት። በቢሮው የተበላሸ ቅጽ ሁሉ «ይወገድ» የሚል ካርቶን ውስጥ ይጣላል። ወረቀት የሚከታትፈው ማሽን ከተበላሸ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ካርቶኑ ሞልቶ ጢም ሲል እናቷ አንድ ወገኑ ንጹሕ የሆነውን እየመረጠች ለልጇ ታመጣለች። ከዚያ በፊት ግን የተለጠፈውን ጉርድ ፎቶ በጥንቃቄ ትልጠዋለች። ፎቶው ከተላጠ ሰውየውም ከወረቀቱ ላይ የተነሳ ይመስላታል። ለቀመርም እንደዚያው ይመስላት ነበር። ስንትና ስንት ወረቀት ስትጨርስ አንዱንም ገልብጣ አላየችም።

ከክፍል ሲወጡ ቱርቦ ፊቱ አመድ መስሎ ተጠጋት። የሬዲዮ አባት መሆናቸውን በምን አውቄ፣ እያለ ማለ ተገዘተ። ቀመር ግን የምታስበው ስለ እሱ አልነበረም፤ የምታስበው ስለ እናቷ ሥራ ነው። ከማን አገኘኸው ከተባልክ ምን ትላለህ አለችው።

«አንቺ አልሰጠሽኝም እንድል ነው የምትፈልጊው?»

«እናቴን ያባርሯታል።»

ቱርቦ ቀልደኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት እላለሁ አላት። ያን ቀን ይህ መልካም ነገር መሰላት።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሬዲዮ ወረቀቱ ያለበትን ኪሷን ሁለት ጊዜ ዳሰሰች። ከዚያ፣ ቱርቦ ወረቀቱን ከየት እንዳመጣው ታውቂያለሽ ወይ አለቻት።

«መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት ብሏል» አለች ቀመር።

«አንቺም ስቀሻል አይደል?»

«ማን መሆናቸውን አላወቅኩም።»

«ማንም ይሁን» አለች ሬዲዮ፤ ሌላ አልጨመረችም።

በማግሥቱ በሰልፍ ላይ ማይክሮፎኑን ይዛ ወረቀቷን ዘረጋች። «ቤተ መጻሕፍቱ ከዛሬ ጀምሮ» ብላ ስትጀምር ከስምንተኛ ክፍሎች ሰልፍ፣ በስም እንኳ የማታውቀው ልጅ «በቃል» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ከሰልፍ ሰልፍ ተሻገረ። ሬዲዮ ዓይኗን ወረቀቱ ላይ እንደ ተከለች ቆየች፤ የቆመችበት ቃል የጠፋባት ትመስል ነበር። ከዚያ ጉሮሮዬን አሞኛል ብላ ማይክሮፎኑን ለመምህሩ ሰጠችና ወረደች። በሚቀጥለው ቀንም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም አልወጣችም። የስድስተኛ ክፍል ልጅ እየተንተባተበ ማንበብ ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት ቧንቧው አጠገብ ተቀምጠው ሳለ ሬዲዮ ሳትጠየቅ ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች። አባቷ ከሥራ ሲመጣ ሁልጊዜ ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል። ትንሽ ካገላበጠ በኋላ ዓይኔ ደክሟል፣ አንቺ አንብቢልኝ ይላታል፤ እሷም ታነብለታለች። አንድ ቃል ከዘለለች ያስቆማትና ድገሚው፣ አልገባኝም ይላታል። እንዲህ ጎበዝ አንባቢ ያደረጋት እሱ ነው።

«አንድ ቀን እንኳ ዘቅዝቆ ይዞት አያውቅም» አለች። «ፎቶውን እያየ ነበር መሰለኝ የሚያስተካክለው።»

ቀመር ቧንቧውን አጥብቃ ዘጋችው።

«ያን ዕለት ወረቀቱን ፊቱ ዘርግቼ ለምን ዋሸኸኝ አልኩት። አልተቆጣኝም። ተነስቶ እጁን ታጠበ። ንጹሑን እጁን።» ሬዲዮ ጫማዋ ላይ የረጨውን ውኃ ጠረገች። «አለቃው መንጃ ፈቃዱን ካወጣህ ፒካፑን አንተ ትይዛለህ ብሎታል። ሸክም ሊቀርለት። ወገቡን እኮ ያመዋል። አሁን ግን ስልጠናው ይቅርብኝ እያለ ነው፤ የቃል ፈተናው የፊታችን ሰኞ ነበር። መጀመሪያ ግን ዛሬ ቢሮ ሄጄ ወረቀቴ እንዴት ልጆች እጅ ገባ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ ብሏል።» ከዚያ ቀና ብላ ቀመርን አየቻት። «ቱርቦ እውነት መንገድ ላይ ነው ያገኘው?»

«እንደዛ ነው ያለኝ» አለች ቀመር።

የመጀመሪያው ውሸት በድንጋጤ አምልጧት ነበር። ለዚህኛው ግን ለማሰብ ጊዜ ነበራት፤ አስባበት ነው የዋሸችው።

ያን ቀን እናቷ ከሥራ የመጣችው ፊቷ ጠቁሮ ነው። ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሻሸች፣ ዛሬ ቢሮ አንድ ሰውዬ መጥቶ አንጀቴን በላው አለች። ስም አልጠራችም፤ ስም ጠርታ አታውቅም። ሰውየው ወረቀቱን ሳያመጣ፣ ኮፍያውን ብቻ በእጁ ይዞ፣ የእኔን ጉዳይ ለልጆች ሰጥታችኋል አላት። እሷ ደግሞ ከእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወጣም ብላ ፋይሉን ከመደርደሪያ አውርዳ አሳየችው፤ ቅጹ ከነፎቶው፣ ከነአሻራው በቦታው ነበር።

«ከዚህ አልወጣም ብዬ ማልኩለት» አለች። «በልጄ ማልኩለት። ምስኪን፣ የራሱን ፎቶ አየት አደረገ። ከዚያ እንግዲያው ስሜን ሰርዢልኝ አለኝ።»

«ሰረዝሽው?» አለች ቀመር።

«ምን ላድርግ? በራሱ ጠይቆ። አሥር ሰዓት ላይ ዘጋሁት። ቦታው ለተጠባባቂ ተላልፏል፤ ከእንግዲህ የሚቀጥለውን ዙር ስድስት ወር መጠበቅ ነው።»

ቀመር ተነስታ ወደ መኝታ ክፍሏ ሄደች። ወረቀቶቹ ጠረጴዛዋ ላይ ተደርድረዋል፤ ከላይ ንጹሕ፣ ነጭ። ሁሉንም አቅፋ አመጣቻቸውና ግልብጥ አድርጋ በእናቷ ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ሰውየው የጓደኛዬ አባት ናቸው» አለች። «ወረቀቱ የወጣው ከዚህ ነው። ለቱርቦ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

እናቷ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ አንዱን አነሳች፤ ሌላውንም። አሻራው ሲጨማለቅ አዲስ ቅጽ አትማ፣ ፎቶውን ከአሮጌው ልጣ በአዲሱ ላይ የለጠፈችበት ቀን ትዝ ያላት ይመስል እጇ ቆመ።

«ፎቶውን እኮ ልጬዋለሁ» አለች በቀስታ።

እናቷ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች ስሞቹን በለሆሳስ ማንበብ ጀመረች። አንዳንዱን ታውቀዋለች። ይህቺ ስኳር አለባት፤ ይህ አንድ ዓይኑ አያይም፤ ይህ ታስሮ የተፈታ ነው፣ ከእሷና ከእናቱ በቀር ለማንም አልነገረም። ለስንት ሰው ሰጥተሻል ብላ ጠየቀቻት። ቀመር አታውቅም። ፈተና በቀረበ ቁጥር ለጠየቃት ሁሉ ስትሰጥ ነው የኖረችው።

ብዙ ቆይታ እናቷ ወረቀቶቹን አስተካክላ በፌስታል ቋጠረች። ሰኞ ጠዋት ለኃላፊው እንደምትናገር፣ ከቦታዋ ያነሷት ይሆናል ብላ እንደምታስብ፣ ቢያነሷትም እንደማትከራከር በደረቁ ነገረቻት። የሰውየውን ቦታ ለማስመለስ ትጠይቃለች፤ ግን ተስፋ አላደርግም አለች፤ ተጠባባቂውም ሰው ነው፣ ተደውሎለት ደስ ብሎታል።

«ያንቺ ስም አይነሳም» አለች። «ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጓደኛሽም ከአንቺ መምጣቱን ማወቅ የለባትም። ይኸው ነው።»

ቀመር ለጥቂት ጊዜ እፎይ አለች። እፎይታው ውሎ አላደረም።

ቅዳሜ ጠዋት የሬዲዮን በር አንኳኳች። ሬዲዮ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። መንገዱን ሁሉ ስታዘጋጅ የመጣችው ንግግር በሩ ሲከፈት ጠፋባት።

«ወረቀቱን ቱርቦ አይደለም ያገኘው» አለች። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። እናቴ እዚያ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ለሂሳብ ታመጣልኛለች። ሁለቴ ጠየቅሽኝ፣ ሁለቴም ዋሸሁሽ።»

ሬዲዮ አረፋውን በቀሚሷ ጠረገች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቀመር ቁጣ ቢሆን ትመርጥ ነበር።

«አባዬ ከቢሮ ሲመለስ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?» አለች። «‹ሴትዮዋ በልጇ ማለችልኝ። ምናልባት የተበላሸውን ቅጽ እኔው መንገድ ላይ ጥዬው ይሆናል› አለኝ። ከትናንት ጀምሮ የት ጥዬው ይሆን እያለ ነው የሚያስበው።»

ከውስጥ፣ ማን ነው የሚል የሰውዬ ድምፅ መጣ።

ሬዲዮ ወደ ኋላ ሳትዞር መለሰች። «የትምህርት ቤት ልጅ ናት።»

በሩን አልዘጋችውም፤ ግቢም አላለቻትም። ቀመር ከዚህ በኋላ መሄድ ትችል ነበር፤ ለሬዲዮ ያለባትን ተናግራለች፤ አባትየው ደግሞ ከእናቷ መስማታቸው አይቀርም፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ። እስከዚያ ድረስ ግን ዛሬም፣ ነገም መንገዱን በሐሳባቸው እየተመላለሱ ወረቀቱን ሲፈልጉ ሊውሉ ነው።

«እሳቸውንም ላናግራቸው» አለች። «ባታስገቢኝ እዚሁ ቆሜ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ደጅ ያስቆማታል፣ አስገቢያት እንጂ» አለ ድምፁ።

ሬዲዮ እጇን ከበሩ ላይ አነሳች። ቀመር ጫማዋን ደፉ ላይ ጠርጋ ገባች።