ጭቃ የማያውቀው ግድግዳ

ኡስማን ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። በጀርባው ተንጋሎ፣ መሰላሉ አጠገቡ ወድቆ። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች አየት አድርገው «ከመሰላል ወድቆ ነው» አሉ። መርማሪ ሰገነት አማርኛ ስለምታውቅ ተጠርታ ስትመጣ ግን መሰላሉን ትታ ወለሉን ማየት ጀመረች።

ጋራዡ መሀል፣ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ የኩስኮ መንገድ በትንሹ ተሠርቶ ቆሟል። ኩስኮ ፔሩ ውስጥ ተራራ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከታች የኢንካዎቹ የድንጋይ ግድግዳ፣ በላዩ ስፔኖቹ መጥተው የጫኑበት ነጭ የጳጳስ ቤት ከነእንጨት በረንዳው። ግድግዳው መሀል ላይ ያ ዝነኛው ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን ድንጋይ አለ። ኡስማን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ እየሞረደ ነው የደረደረው። ሥራው በሚመጣው ሳምንት ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ወዳለ አዳራሽ ለኤግዚቢሽን ሊወሰድ ነበር።

ሰገነት ጎንበስ ብላ ከሬሳው ትከሻ ሥር ሦስት የድንጋይ ፍንካች ለቀመች። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። አንድም የጎደለ የለም።

«ግድግዳው ደህና ከሆነ ይሄ ከየት መጣ?» አለች ለራሷ።

ሚስቱ ሪሀና ሳሎን ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተቀምጣለች።

«እትዬ ሪሀና፣ ትናንት ‹አፈርሰዋለሁ› ብለው ሲጮኹ ጎረቤት ሰምቷል።»

«ብያለሁ! ምን እዋሻለሁ? ጣውንት ያመጣብኝ እኮ ነው የሚመስለው። ማታ ከሥራ ስመለስ እዚያው፣ ጠዋት ስነሳ እዚያው። በርጩማ ይዤ ደጃፉ ላይ ቁጭ እልና እሱ ድንጋዩን ሲያሻሽ እያየሁ እቃጠላለሁ። ደግሞ ያቺ ካውሰር፣ ኤግዚቢሽን አዘጋጃለሁ እያለች! ሽቶዋ ቀድሟት ይገባል።»

«ኩስኮ አብረውት ሄደው ነበር?»

«እኔን ማን ወስዶኝ! የሥራ ጓደኛውን ግሩምን ይዞ ሄደ። በየቀኑ ኮል ያደርግልኛል። ‹ግሩምን የተራራው ከፍታ አሞት ጥሎታል፣ ዛሬም ከሆቴል አልወጣም፤ እኔ ግን ግድግዳውን ሄጄ ዳሰስኩት› ይለኛል። ስለ እኔ አንድ ቃል የለም።» ድምጿ ወረደ። «ሬሳውን መቼ ነው የምትሰጡን? በእኛ ሃይማኖት ሬሳ አይቆይም።»

«የመሰላሉን ነገር አሁን የሚያምን የለም፤ ማን እንደገደለው ካልታወቀ አይለቁትም። አልደብቅዎትም፣ አለቃዬ ነገ ሊወስድ ያሰበው እርስዎን ነው።»

«ይውሰደኝ። ብቻ መጀመሪያ ባሌ ይቀበር።»

ካውሰር እዚሁ ኦክላንድ የተወለደች፣ ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። ዓይኗ አብጧል። «ወላሂ፣ ሂ ዋዝ ላይክ ማይ አንክል፣ እንደ አጎቴ» አለች። «እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛውን ሼክ ያደርገዋል። ስቶኖቹ ይንቀጫቀጩና ተመልሰው ቦታቸው ይቀመጣሉ። ኩስኮ ውስጥ፣ የዛሬ ሰባ ምናምን ዓመት፣ ኧርዝኩዌክ መጥቶ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የስፔኖቹ ገዳም ፈረሰ፤ ኢንካዎቹ የሠሩት ግን ቆመ። ኖ ጭቃ፣ ኖ ሲሚንቶ! ዲስፕሌዩ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ሰገነት ወደ ጋራዡ ተመልሳ ጠረጴዛውን ነቀነቀችው። ዳርና ዳሩ ተንቀጫቀጨ። መሀሉ ዝም አለ። ጠጋ ብላ በባትሪ አየችው፦ በድንጋዮቹ መሀል ፀጉር የምታክል ነጣ ያለች መስመር አለች፤ በሰፍነግ ተወልውላ የለሰለሰች።

ሴራሚክ ሠራተኛው ግሩም ከኡስማን ጋር ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ወጥ ቤት ቆሞ ሲያናግራት አውራ ጣቱ በግድግዳው ሴራሚክ መጋጠሚያ ውስጥ የተሞላውን ቦያካ ይከተላል።

«ላይኛው ነጩ ቤት የእኔ እጅ ነው። ታችኛውን ግን አያስነካም ነበር።»

«ኩስኮ አብራችሁ ነበራችሁ?»

«ታዲያስ! ያንን ግድግዳ በዚህ እጄ ዳስሼዋለሁ።»

«ካውሰር የጻፈችው ላይ ስምዎ አለ?»

«እኔ ለስም አልሠራሁም» አለ። መንጋጋው ግን ጠበቀ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሌላ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል።

«ኡስማን ከመሰላል አልወደቀም» አለች ሰገነት። «ፍንካቹ የተገኘው ከሬሳው ሥር ነው። ስለዚህ ግድግዳው ቀድሞ ፈረሰ፣ ሰውየው በላዩ ወደቀ። ኋላ አንድ ሰው እዚህ ቁጭ ብሎ መልሶ ደረደረው፣ ግብግብ እንደነበር እንዳይታይ። መሰላሉንም ጣለው።»

«እሷ ናታ!» አለ ግሩም። «አፈርሰዋለሁ ያለችው እሷ አይደለችም?»

ሰገነት ከመሀል በመሮ ነቅላ፣ ጠርጋ ያስቀመጠቻቸውን ሦስት ድንጋዮች እጁ ላይ አኖረችለት። «እርስዎ ዳስሰውታል። እስቲ ይመልሱልኝ።»

ግሩም አንዱን ሞከረ። አልገባም። አዞረው፣ ገለበጠው። ግንባሩ ላይ ላብ ወረደ። ሁለተኛው ከእጁ አምልጦ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ይሄኔ እጁ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከነጩ ቤት ሥራ ተርፎ ጠረጴዛው ሥር ወዳለው የቦያካ ባልዲ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«አምጣው ወዲህ!» አለች ሪሀና። «በሆዱ አይደለም የሚገባው፣ በጎኑ ነው። ትንሿ ትቀድማለች።»

ሦስቱንም አስገባቻቸው። ሰገነት ጠረጴዛውን ነቀነቀች፤ ድንጋዮቹ ተንቀጫቅጨው ቦታቸው ተቀመጡ። ሪሀና ራሷ እጆቿን እንግዳ እንደሆኑባት አየቻቸው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ እየቀናች ያየች ሴት ናት» አለች ሰገነት። «እሷ ብታፈርሰው ያለ ቦያካ ትመልሰው ነበር። ካውሰር ቦያካ ማቡካት አታውቅም፤ ጭቃ የለውም ብላ የጻፈችውም እሷ ናት። ድንጋይ እንቢ ሲለው ክፍተቱን በቦያካ ሞልቶ፣ ሳያስበው በሰፍነግ የሚወለውል እጅ እዚህ አንድ ነው። ኩስኮን ዳሰስኩ ያለው እጅም ከሆቴል አልጋ አልወጣም።»

ግሩም ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«አንድ ድንጋይ ላስገባ አልኩት» አለ። «አንድ! ላይኛውን ስሠራለት ከርሜ፣ ስሜ እንኳ ሳይጻፍ። ‹አንተ አላየኸውም› ብሎ ሳቀብኝ። ‹ይሄን ግድግዳ ከእኔ ሌላ የምታውቀው ሪሀና ብቻ ናት፤ ድንጋይ ባጠፋሁ ቁጥር በርጩማው ላይ ስትቁነጠነጥ አያታለሁ› አለኝ። ገፋሁት። ግድግዳው ላይ ተንሸራቶ የጠረጴዛው የብረት ጠርዝ ጭንቅላቱን አገኘው።»

ፖሊሱ ካቴናውን አወጣ። ሪሀና በመሀላቸው ገባች። ካውሰር፣ ሪሀና ትመታዋለች ብላ፣ ክንዷን ልትይዛት ተንደረደረች፤ ሪሀና ግን አልመታችውም።

«ምን አለ?» አለችው ለግሩም። «ድገመው። ስለ እኔ ያለውን ድገመው።»

ግሩም አቀርቅሮ ደገመላት።

ሰገነት ሬሳውን ከዐሥር ሶላት በፊት እንዲለቁ ለመንገር ስልኳን አውጥታ ወደ ውጭ ወጣች። ሪሀና በርጩማዋን ደጃፉ ላይ ሳበችና፣ እንደ ወትሮዋ፣ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች።