የቬኑ ስም በቤተ መቅደሱ የተጠራ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ነው። ከማንም አልሰማሁትም፣ አልፈጠርኩትም። ማመን ያቃተው ይለፈው... እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ጥር ወር ነው። ማክሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ። ከአሜሪካዋ ፒትስበርግ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደሳችን።

የሥራ ቀን ስለሆነ ሰው የለም። በረዶው ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል።

ሱጉና እባላለሁ። አብረውኝ የነበሩት አማቴ ሱባማ ናቸው። እኛ የደቡብ ሕንድ ቴሉጉዎች አማትን «አታያ» ነው የምንለው።

ባሌ ቬኑ አንድ ልጃቸው ነበር።

ነበር...

ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት ደጃችን ላይ በረዶ በአካፋ ሲጠርግ ልቡ ቀጥ አለ። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት እያየሁት ነበር። ሲንበረከክ የጫማውን ክር ሊያስር መስሎኝ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።

አታያ የመርሳት በሽታ አለባቸው። አስከሬኑ ሲቃጠል አጠገቤ ቆመው አልቅሰዋል። በማግስቱ ጠዋት ግን፣

«ቬኑ ቁርሱን በላ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። እንደ አዲስ ጮኹ። ደረታቸውን ደቁ።

በነጋታው ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ ነገርኳቸው...

አንዲት እናት አንድ ልጇ ስንት ጊዜ ይሙትባት?

ተውኩት። «ሥራ ሄዷል» ማለት ጀመርኩ። እንዳይጠረጥሩኝ ብዬ የባለትዳር ቀይ ነጥቤን በየማለዳው ግንባሬ ላይ እቀባለሁ። ባል የሞተባት ሴት አትቀባውም። እኔ ግን እየቀባሁ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ።

በዚያ ማክሰኞ አታያ ገና ከአልጋ ሳይወርዱ፣

«ዛሬ የልጄ ልደት ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሞቱን ረስተው ልደቱን አልረሱም።

«ስሙን እናስጠራለት። ተነሺ እንጂ! ምን ያፈዝሻል?»

በእኛ ዘንድ ካህኑ የሰውየውን ስምና የተወለደበትን ኮከብ በአምላክ ፊት ጠርቶ ዕድሜ ይለምንለታል። ለሕያው ሰው ብቻ ነው። ለሞተ ሌላ ሥርዓት አለው።

እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ዛሬ ነገ እያልኩ ላዘናጋቸው ሞከርኩ። እምቢ አሉ። ሳሪያቸውን ለብሰው፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ በር ላይ ቆሙ። እሺ አልኩ። ምን ላድርግ?

ቤተ መቅደሱ ደርሰን ጫማ ማውለቂያው ክፍል ገባን። ከእኛ ጫማ በቀር አንድም ጫማ የለም።

አጎንብሼ የእሳቸውን ቦት ጫማ ሳወልቅ፣ ከጭንቅላቴ በላይ...

«አንተ ደግሞ፣ እግርህን እየው እስቲ! በዚህ ብርድ በባዶ እግር!»

ቀና አልኩ። ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል። በሩ ላይ ማንም የለም።

«አታያ፣ ማንን ነው?»

«አርፈሽ ጫማሽን አውልቂ።»

በሽታው ነው አልኩ። ሐኪሙም እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ እንደሚችል ነግሮኝ ነበር።

ክንዳቸውን ይዤ ወደ አዳራሹ የሚያወጣውን ደረጃ ጀመርን። እሳቸው ግን በየደረጃው ቆም ይላሉ። ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ዞሬ አየሁ።

ደረጃው ላይ እርጥብ የእግር ኮቴ አለ። ሁለታችንም ያደረግነው ካልሲ ደረቅ ነው። ኮቴው የባዶ እግር ነው... ትልቅ... የወንድ...

እኛ በቆምንበት ቆሟል።

 የአታያን ክንድ አጥብቄ ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ።

አዳራሹ ውስጥ ካህኑ ሼሻድሪ ብቻቸውን ነበሩ። የቬኑን የሞት ሥርዓት የፈጸሙት እሳቸው ናቸው።

«ለማን ነው?» አሉ።

«ለልጄ ነዋ!» አሉ አታያ። «ቬኑጎፓል። ኮከቡ ሮሂኒ ነው።»

ካህኑ አዩኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ በሹክሹክታ...

«ልጄ... ይሄ ለሕያው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዕድሜ ነው የምለምነው። በሞተ ሰው ስም አይባልም። ደግ አይደለም።»

«ከነገርኳቸው ዛሬም ሊሞትባቸው ነው። እባክዎን...»

«ምን ያንሾካሹካችኋል?» አሉ አታያ። «የታመመው ጭንቅላቴ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው!»

ካህኑ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። በጥቁር ድንጋይ ወደተቀረጸው የአምላክ ምስል ዞረው ጸሎቱን ጀመሩ።

ስሙን ጠሩ።

ቬኑጎፓል...

ከሞቱ ሥርዓት ወዲህ ስሙን በዚያ ድምፅ፣ ጮክ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። 

ወዲያው በግራ ጎኔ ብርድ ተሰማኝ። የፍሪጅ በር ሲከፈት እንደሚመታው ያለ ብርድ። አታያ በቀኜ ናቸው። በግራዬ ማንም የለም።

የበረዶ ሽታ ሸተተኝ።

ጸሎቱ አልቆ ካህኑ የተቀደሰውን ውሃ በትንሿ ማንኪያ ማደል ጀመሩ። በአታያ መዳፍ ላይ አፈሰሱ። በእኔም መዳፍ ላይ አፈሰሱ።

ከዚያ እጃቸው ወደ ግራዬ አለፈ።

የዘወትር ሥራቸው ስለሆነ ያስተዋሉ አይመስለኝም። ማንኪያውን ሞልተው፣ ሰው በሌለበት አዘነበሉት።

ውሃው ፈሰሰ።

ወለሉን አየሁት። ደረቅ ነው።

ካህኑም አዩት። ማንኪያው ከውሃው ዕቃ ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጭ ጀመር። 

«ልጄ...» አሉኝ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ጠፍቶ። «ወደ ቤት ውሰጃቸው።»

ውሰጃቸው...

እሳቸውን ማለታቸው ይሁን እነሱን፣ ልጠይቅ ፈራሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? በዚያች ሰዓት ከፍርሃቱ ይልቅ የበረታብኝ ሌላ ነበር። ቅናት። እሳቸው ሞቱን ረሱና ያዩታል። እኔ አንዲት ቀን ያልረሳሁት ግን ብርዱን ብቻ?

ግራ እጄን ቀስ ብዬ ዘረጋሁ።

«ቬኑ?»

 ጣቶቼ ብቻ ደነዘዙ።

ጫማ ማውለቂያው ክፍል ተመልሰን ለአታያ ቦት ጫማቸውን ሳጠልቅላቸው መታገሥ አልቻልኩም፣ ጠየቅኩ።

«አታያ... ምን ይመስላል?»

«ማን?»

«ቬኑ።»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ባልሽ አይደለም እንዴ!» ሳቁብኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «ከስቷል። እጁም በረዶ ሆኗል። አታበይውም እንዴ አንቺ?»

«አበላዋለሁ» አልኩ። እንባዬ ቦት ጫማቸው ላይ ተንጠባጠበ።

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ? ተቆጣሽ እንዴ?» ወደ ጎን ተናገሩ። «አንተ፣ ምን አድርገሃት ነው?»

የሚያናግሩት ሰው ምን እንደመለሰላቸው አላውቅም። አታያ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

«አይዞሽ» አሉ። «አልተቀየምኳትም በያት ብሎኛል።»

ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሳህን ማጠቤን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ወጣን። በረዶው መኪናችንን ሸፍኖታል። አታያ ሁልጊዜ ጋቢና ነው የሚቀመጡት። መንገድ ማየት ይወዳሉ። ያን ቀን የኋላውን በር ከፍተው ገቡ።

«ጋቢና አይገቡም?»

«እግሩ ረጅም ነው። እሱ ይቀመጥበት።»

ሞተሩን አስነሳሁ።

ጥቂት እንደሄድን መኪናው መጮኽ ጀመረ። ጢን... ጢን... ጢን...

ቀይዋ መብራት በርታለች። ጋቢና ያለው ሰው ቀበቶ አላሰረም ትላለች።

ጋቢናው ባዶ ነው።

ጢን... ጢን...

ከኮረብታው ሳልወርድ ዳር ይዤ ቆምኩ። ተንጠራራሁና ቀበቶውን ስቤ አሰርኩት።

ጩኸቱ ጸጥ አለ።

ቀበቶው ግን ወንበሩ ላይ አልተኛም።

ከወንበሩ መደገፊያ ራቅ ብሎ፣ አየር ላይ ተወጥሮ ቀረ። የሰው ደረት እንዳቀፈ።

እያየሁት... ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ደግሞ ከፍ...

አታያ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አሉ በሹክሹክታ። «እንቅልፍ ወስዶታል።»