የኤሊዎቹ ዳርቻ ቀይ ባትሪ

ካፒቴኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ። በጠዋት የተነሳሁት ደግሞ ለፎቶ ነው፤ ፀሐይዋ ከባሕሩ ብቅ ስትል፣ አሸዋው ዱቄት መስሎ፣ የኮኮናት ዛፎቹ ወደ ውሃው ጎንበስ ብለው፣ በቃ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፎቶ ካልተነሳሁ ለምን ተወለድኩ። ስልኬን ከፍ አድርጌ ፈገግ አልኩ። ስክሪኑ ላይ ከትከሻዬ ኋላ አንድ ሰው ተጋድሟል። ሰክሮ የወደቀ መስሎኝ ፎቶዬን አበላሸብኝ ብዬ ተበሳጨሁ። ዞር ስል የፊቱ ግማሽ የለም።

ማለቴ አለ፣ ግን ወደ ውስጥ ገብቷል። የራሱ ጀልባ ትንሿ መልሕቅ አጠገቡ ወድቃለች፣ ጥርሷ ላይ ፀጉር ከነቆዳው ተጣብቋል። ግንባሩ ላይ የታሰረችው ባትሪ ተሰባብራ መስታወቷ ቅንድቡ ውስጥ ተሰክቷል። ሸርጣኖቹ ከኔ ቀድመው ደርሰው ነበር። አልጮህኩም ብል ውሸት ነው፤ ጉሮሮዬ እስካሁን ይከረክረኛል።

ከሁሉም ቀድማ የደረሰችው አክስቴ ናት። አክስቴ ማለት ዕድሜዋን ሙሉ ነፍሰ ገዳይ ስታሳድድ የኖረች የፖሊስ መርማሪ ናት። ፈተናዬን ስላለፍኩ «ደሴት አሳይሻለሁ» ብላ እኔንና ወንድሜን ይዛን የመጣችው እንኳ ዕረፍት ወስዳ ነው። አሁን ግን ከነቢጃማዋ አሸዋው ላይ ተንበርክካ የሬሳውን ጣቶች አሸተተች።

«ኧረ እትዬ፣ ያስጠላል።»

«ዝም በይ። ጥፍሩ ሥር እንቁላል አለ።» ከዚያ አጠገቡ ያለውን ጉድጓድ አየች። «ይሄንንም ኤሊ አልቆፈረችውም። በሰው እጅ ነው የተዛቀው።»

ዳርቻው እኮ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉበት ነው። ከመሸ ነጭ መብራት አይበራበትም፣ ኤሊዎቹ ደንግጠው ወደ ባሕሩ ይመለሳሉ። የሚፈቀደው በግንባር የሚታሰር ቀይ ባትሪ ብቻ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ለእኛ ለእንግዶቹም ተሰጥቶን ገብተን ነበር። ጠረጴዛ የምታክል ኤሊ እያለቀሰች እንቁላሏን ስትጥል አየሁ፣ አብሬያት ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። በዚያ ብርሃን ሁሉም ነገር ቅዠት ይመስላል። አዲስ የተቀባሁት ቀይ የጥፍር ቀለም እንኳ ድራሹ ጠፋ። ለወንድሜ «እየው፣ ይሄ ሌባ ባትሪ ጥፍሬን ሰረቀኝ» ስለው ስቀን ልንሞት።

ከዚያ ደግሞ ዳንስ። የሎጁ አዳራሽ ከኤሊዎቹ ዳርቻ ራቅ ብሎ ባሕሩ አፍ ላይ ነው፣ ስትጨፍሩ ማዕበሉ እግራችሁ ሥር ይመታል። ዲጄው፣ ሁሉም «ሞገድ» የሚለው፣ እንዴት እንደሚያጫውት። አልዋሽም፣ ልቤ ቀልጦ ነበር። ያስጠላኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች የግራው ዱዳ ነበር። «ግራው አይሰራም እኮ» ስለው «አንቺ በቀኝ ጆሮሽ ጨፍሪ» አለኝ። ያኔ በጣም አሳቀኝ።

በመሃል ካፒቴኑ መጣ። እንግዳ በጀልባ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ወገቤን ይዞ አለቅም አለ። ወንድሜ አንድ ጊዜ አፍንጫው ላይ አሳረፈለት፤ አጥንቱ ሲንቋቋ በሙዚቃው መሃል ተሰማኝ። «ሁለተኛ ብትነካት እገልሃለሁ» አለው፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ምላስ አጥንት የለውም።

የደሴቲቱ ፖሊስ አንድ ሰው ነው፣ ካቴናውም አንድ። ያቺን አንድ ካቴና አምጥቶ የወንድሜ እጅ ላይ አጠለቃት። የወንድሜ ነጭ ሸሚዝ ክፍሉ ውስጥ በደም ተጨማልቆ ተገኝቷል፣ ዲጄው ደግሞ «በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብሏል።

«የአፍንጫው ደም ነው» አለ ወንድሜ። ከንፈሩ ነጥቷል። «ከዲጄው ጀርባ ያለው ሻወር ጋ ሄጄ አምፖሉ ሥር አጠብኩት፣ አልለቅ አለኝ። ከዚያ ተኛሁ።»

«ቀትር ላይ ከየብስ ጀልባ ሲመጣ ወደ እስር ቤት ይሄዳል» አለ ፖሊሱ።

«እስከዚያ ሰዎቹን ላነጋግር» አለች አክስቴ።

«ዕረፍት ላይ አይደሉ እንዴ፣ እመቤቴ?»

«ልጄን አስረህብኝ ምን ዓይነት ዕረፍት ነው?»

መጀመሪያ የመጣው የዳርቻው ጠባቂ ነው፣ አባባ ኤሊ ይሉታል። ካፒቴኑን ይጠላው ነበር፤ የጀልባው ሞተር ኤሊዎቹን ያስደነግጣል።

«እኔ ብገድለው ባሕር ውስጥ ነው የምገድለው። በኤሊዎቼ ጓዳ ደም አላፈስም» አለ።

«ነጭ መብራት አልበራም?»

«አንድም። ጨረቃም አልነበረችም። እኔ ወዲያኛው ጫፍ ከአንዲት ወላድ ጋር ነበርኩ፤ ነጭ ቢበራ ከዚያም ሆኜ አየው ነበር።»

«የእንግዶቹስ ባትሪ?»

«ጉብኝቱ እንዳለቀ ሰብስቤ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። የሠራተኞቹ ግን ጎጆዬ ግድግዳ ላይ፣ በየስማቸው ምስማር ላይ ይሰቀላል። ዳርቻው ላይ ይነሳል፣ ዳርቻው ላይ ይሰቀላል። ከጎጆዬ አይወጣም።»

ቀጥሎ ባለሎጇ መጣች፣ ካፒቴኑን የፈታች የቀድሞ ሚስቱ። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን አፏ አልደከመም።

«ስንት ጊዜ በሐሳቤ ገድዬዋለሁ መሰለሽ። ትናንት ግን እንቅልፍ ቀደመኝ።»

«የሚጠላው ሌላ ሰው ነበር?»

«እኔ አልበቃም? ከዲጄው ጋር እንኳ ደህና ነበሩ። ያ የግራው ስፒከር በየጊዜው ለጥገና በካፒቴኑ ጀልባ ይሄዳል። ሄዶ ሄዶ ተጠግኖ አያውቅም እንጂ።»

አክስቴ ቅንድቧን አነሳች። ከዚያ ሞገድ መጣ፣ ታጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ፣ ለኔ ጠቅሶልኝ።

«የት አየኸው?» አለችው።

«ዳርቻው ላይ። ሙዚቃውን ዘግቼ ጆሮዬን ላሳርፍ ወጣሁ። ከሬሳው በኩል እየሮጠ መጣ። ነጩ ሸሚዙ ከደረቱ እስከ እምብርቱ ደም በደም።»

«በዚያ ድቅድቅ ጨለማ?»

«ባትሪ ነበረኛ።»

«ነጭ?»

«ነጭ ባበራ አባባ ኤሊ ቆዳዬን ይገፈኛል። ቀይዋን ነው። እስክወጣ ድረስ ከግንባሬ አላወረድኳትም።»

«እግዜር ይስጥህ፣ የኔ ልጅ» አለችው፣ ከልቧ እንደሚያመሰግን ሰው። እኔ አንጀቴ ተቃጠለ። እሱ እንደወጣ ልጮህባት ስል እጄን ያዘችና ጥፍሬን አየች።

«ትናንት ለወንድምሽ ስለዚህ ጥፍር ምን ነበር ያልሽው?»

«እትዬ፣ ሰው ሊታሰር ነው አንቺ ስለ ጥፍር ታወሪያለሽ?»

«አዎ፣ ስለ ጥፍር ነው የማወራው።»

ይዛኝ ወደ ጎጆው ሄደች። አባባ ኤሊ በሩ ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ ባትሪዎቹ በነጭ ማሰሪያ ላስቲካቸው ተሰቅለዋል። የባለሎጇ ላይ ሸረሪት አድርቶበታል። የአባባ ኤሊ አርጅቷል፣ ግን ንፁህ ነው። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ አክስቴ በእጇ አፌን ቀድማ ከደነችው።

«ዛሬ ወደዚህ የመጣ አለ?» አለችው ጠባቂውን።

«ዲጄው ባትሪዬን ልውሰድ ብሎ መጥቶ ነበር። ከሬሳው በኋላ አንድም ነገር እንዳይነካ ፖሊሱ ስላዘዘኝ መለስኩት።»

አክስቴ ሁላችንንም ዳንስ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበችን። መጋረጃዎቹ ሁሉ ተዘግተው ቀኑ ጨለመ። ወንድሜ ከነካቴናው መሃል ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ እጄን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። የጀልባው ጡሩምባ ከሩቅ ተሰማ።

አክስቴ ግንባሯ ላይ ቀይ ባትሪ አብርታ አንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ዘረጋች።

«ምን ይታይሃል?» አለችው ፖሊሱን።

«ጨርቅ ነዋ።»

«እሱ ላይስ?»

ፖሊሱ ጎንበስ አለ። «ትንሽ ውሃ የነካው ይመስላል።»

«መጋረጃውን ክፈቺ።»

ከፈትኩት። የጠረጴዛው ልብስ በቀይ ደም ተረጭቶ ነበር። ባለሎጇ አፏን ያዘች።

«ቀለም ነው» አለ ሞገድ።

አክስቴ በጨርቅ የታሰረ አውራ ጣቷን አሳየችው። «የራሴ ነው፣ አሁን ነው በወጥ ቤቱ ቢላ ያወጣሁት። ነጭ ጨርቅ ላይ ያለ ትኩስ ደም በቀይ መብራት አይለይም። የዚች ልጅ ጥፍርም በዚያው ምክንያት ነው የጠፋው። ታዲያ አንተ የልጁን ሸሚዝ ደም በደም ሆኖ በምን አየኸው?»

«ምናልባት... ጠቆር ያለ ነገር አይቼ...»

«ደም በደም አልክ። ያየኸውስ አይተኸዋል፤ ዳርቻው ላይ ሳይሆን ከጀርባህ፣ ሻወሩ ጋ፣ አምፖል ሥር ሲያጥበው። ‘እገልሃለሁ’ ሲልም ሰምተሃል። ግድያውን የምታላክክበት ምን ያማረ ሰው አገኘህ።»

«ስለዋሸሁ ገደልኩ ማለት ነው?»

«አይደለም። ቀጥል ካልከኝ እቀጥላለሁ።» ከኪሷ በፌስታል የተጠቀለለ ባትሪ አወጣች። «ይሄ ከስምህ ሥር ተሰቅሎ ነበር። ካፒቴኑን በመልሕቁ ስትመታው ደሙ ፊትህ ላይ ተረጨ። ባሕር ውስጥ ታጥበህ፣ ባትሪውን ጠርገህ፣ በቀይ መብራት አገላብጠህ አየኸው። ንፁህ መሰለህና ሰቀልከው።»

ነጩ ማሰሪያ ላስቲክ ዙሪያውን በደረቀ ቡናማ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል።

«በቀን ብርሃን ደሙ እንደሚታይ የገባህ ሲነጋ ነው። ልትወስደው ሄድክ፣ አባባ መለሱህ። ‘ከግንባሬ አላወረድኳትም’ ያልከኝም አንተ ነህ።»

«ለምን ብዬ ነው የምገድለው?» ድምፁ ቀጥኗል።

«ያ ዱዳ ስፒከር ይንገረና። ፖሊስ፣ ፍታው።»

ፖሊሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ የስፒከሩን ጀርባ ገነጠለው። ውስጡ ሽቦ የለ፣ ምን የለ፤ እርጥብ አሸዋና ክብ ክብ ነጭ እንቁላል ተደርድሯል። አባባ ኤሊ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ለሽያጭ የምታሻግረውን እንቁላል ካፒቴኑ ስፒከር ብቻ መስሎት ሲያመላልስልህ ኖሯል» አለች አክስቴ። «ትናንት ስትዝቅ ደረሰብህ። እንቁላሉን ከእጅህ ሲነጥቅህ፣ ጥፍሩ ሥር ቀረ።»

ሞገድ ዘሎ ባሩ ላይ ያለችውን የኮኮናት መቁረጫ ገጀራ አነሳ። ማንም ሳይደርስበት ፀጉሬን ጠምልሎ ያዘኝ፤ ስለቱ አንገቴ ላይ ቀዘቀዘኝ። «ጀልባዋን ለኔ ብቻ ልቀቁ» አለ። ትናንት ስሙን እየጠራሁ የጨፈርኩለት ሰው ነው።

ወንድሜ ከኋላ መጣ። የታሰሩ እጆቹን ከነሰንሰለቱ በዲጄው አንገት ላይ አጥልቆ ወደ ኋላ ሳበው። ዲጄው ገጀራውን ወደ ኋላ ሰንዝሮ ወንድሜ ክንድ ላይ አሳረፈው። ሥጋው እንደ ኪስ ተከፈተ፣ ነጭ አጥንት አየሁ። ግን አልለቀቀም። አባባ ኤሊ በከዘራው የዲጄውን የእጅ አንጓ መታው፤ አጥንቱ ተሰበረ፣ ገጀራውም ወደቀ። ሁለቱ ተያይዘው ስፒከሩ ላይ ሲወድቁ ባለሎጇ ወንበር አንስታ የዲጄውን ጉልበት ደገመችው። «ይሄ የኔ ነው» አለች፣ እያለቀሰች። «ያንን ሰው የመግደል መብት ያለኝ እኔ ነበርኩ።»

አክስቴ የወንድሜን ክንድ በዚያው የጠረጴዛ ልብስ አሰረችው፤ ደማቸው አንድ ላይ ሆነ። ፖሊሱ መሃል ቆሞ ኪሱን ይዳብሳል።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ካቴና የለኝም» አለ አፍሮ። «ያለኝ አንድ ነው።»

ቁልፉን አውጥቶ ከወንድሜ እጅ ላይ ፈታው። ብረቱ በደም ረጥቦ ስለነበር በሱሪው ጠረገው። መሬት የተጋደመው ዲጄ ላይ ሲያጠልቀው ያ ሰው ደነገጠ።

ወንድሜ ከንፈሩ አሁንም እንደነጣ ነው። ጎንበስ ብሎ አየው።

«አይዞህ፣ አይቀዘቅዝህም» አለው። «ከጠዋት ጀምሮ ሳሞቅልህ ነው የዋልኩት።»