ሁለት የተደፈኑ ቀዳዳዎች

ሳዳ የእጅ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራትም። አቧራው አፍንጫዋን ቢያሳክካትም ዓይኗን መንቀል አልቻለችም። በብረቱ ጀርባ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ክብ ቀዳዳዎች አሉ። ከውስጥ በስቱኮ ተደፍነዋል፤ ከውጭ ደግሞ አንዲት ቆርቆሮ ታፔላ ሸፍናቸዋለች።

«ይሄ ደግሞ እዚህ ምን ይሠራል?» ልትል ፈልጋ ነበር። ባትሪው አፏ ውስጥ ስለነበር የወጣው ቃል በምንም ቋንቋ አይገኝም።

አባቷ አደም ለጁምዓ ሶላት ሲወጣ ያዘዛት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ክዳኑን ግጠሚ፤ እንደሻው አስር ሰዓት ላይ ይመጣል።» የአደም ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጠገኛ ከሐረር ፈረስ መጋላ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሳዳ የዘጠነኛ ክፍል ፈተናዋን ከጨረሰች ወዲህ ውሎዋ እዚያ ነው። ማንም አላስገደዳትም። ጓደኞቿ ቁጭ ብለው ፊልም ሲያዩ እሷ የፊልም ማጫወቻውን ትፈታለች።

አምፕሊፋየሩ የጋሼ እንደሻው ነው። ጋሼ እንደሻው የሳዳ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ አስተማሪ ናቸው፤ ነገ በመዝጊያው በዓል ላይ ጊታራቸውን ተጫውተው ጡረታ ይወጣሉ። አሮጌ፣ እንደ አምፖል በሚግል የመስታወት ቫልቭ የሚሠራ፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን አምፕ ነው። ሰሞኑን ማጉረምረም ጀምሮ ነበርና አደም ጠዋት ኮንደንሰሩን ቀይሮ ጸጥ አሰኘው። ሥራው አልቋል ማለት ነው። ግን ጋሼ እንደሻው ትናንት ሊያስረክቡት ሲመጡ አንድ ነገር ተናግረው ሄዱ።

«ያንን ድምፅ የሚደጋግም ሳጥን፣ ኤኮዬን፣ ብሰካበት እንዴት ደስ ባለኝ! ምን ያደርጋል፣ አባትሽ ድሮ በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በዚህ ማሽን አይቻልም ብሎኛል። አደም አይቻልም ካለ አይቻልም።»

ሳዳን «አይቻልም» የሚባል ቃል ያሳክካታል። ቤት እንደገባች ስልኳን ይዛ ስታነብ አመሸች። እንዲህ ዓይነቱ አምፕ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የጊታሩን ድምፅ ያሻክረዋል፤ ሁለተኛው ጉልበት ይሰጠዋል። ኤኮው ከፊት ከተሰካ የመጀመሪያው ክፍል ዜማውንም የገደል ማሚቶውንም አንድ ላይ ያቦካቸዋል። መፍትሔው መሃል ላይ በር መክፈት ነው። ድምፁ በአንድ ጃክ፣ ማለትም በአንድ የገመድ መሰኪያ፣ ይወጣል፣ በኤኮው ውስጥ ያልፋል፣ በሌላ ጃክ ተመልሶ ይገባል። ሁለት ጃክ፣ ሁለት ቀዳዳ።

ቀዳዳዎቹ ደግሞ ይኸው ተበስተው ተቀምጠዋል!

ባትሪዋን ጠጋ አደረገች። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ አንድ ሽቦ ተቆርጦ እንደገና ተበይዷል። ብየዳውን ልብ ብላ አየችው። ሽቦው ሁለት ዙር ተጠምዝዟል፤ ጫፉም ወደ ታች ታጥፏል። ሐረር ውስጥ እንደዚህ የሚበይድ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። እሷንም እንደዚያው ነው ያስተማራት።

ክዳኑን ገልብጣ አየችው። አደም የነካውን ዕቃ ሁሉ ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ ይጽፍበታል፦ ዓመቱን፣ ሥራውን፣ ስሙን። «ዕቃም እንደ ሕመምተኛ ካርድ ያስፈልገዋል» ይላል። «1975፣ ቫልቭ፣ አደም።» «1981፣ ፊውዝ፣ አደም።» ከታች የዛሬው ኮንደንሰር አለ። ስለ ቀዳዳዎቹ ግን አንድም ቃል የለም።

አደም ኮፍያውን እያወለቀ ገባ።

«ክዳኑን ግጠሚ አላልኩሽም?»

«አባዬ፣ ይሄን ማን በሳው?»

አደም ቀዳዳዎቹን አየ። ከዚያ እሷን አየ። በሩን ገርበብ አድርጎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እንደሻው ያኔ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የማልችለው ነገር ያለ አይመስለኝም። ይቻላል ብዬው በትራፓኖ በሳሁት። ኤኮው ሲሰካ ጩኸት ብቻ! ሦስት ቀን ታገልኩ፣ ወላሂ። ከዚያ አፈርኩ። መልሼ ደፈንኩትና በዚህ ማሽን አይቻልም አልኩት።»

«ሸወድካቸው ማለት ነው?»

«ልጅ ነበርኩ ሳዳ።»

«እሺ፣ ካደግክ በኋላስ?»

አደም ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው። ሳዳ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ አሳዘናት። ያኔ ስላልቻለ አልነበረም የከፋት። ጋሼ እንደሻው የእሱን ቃል አምነው ኤኮአቸውን ሠላሳ ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጣቸው ነው።

ቢሆንም ጥያቄው አላስቀምጥ አላት።

«ግን ለምን ጮኸ? ድምፁን ከየት ነው ያወጣኸው?»

«እዚህ ጋ፣ ከቫልቩ ቀጥሎ።»

«ቦታውማ ልክ ነህ! ከቫልቩ የሚወጣው ግን ለኤኮው በጣም ይበረታበታል። እሱ የሚፈልገው አንድ ጭልፋ ነው፣ አንተ ባልዲ ደፋህበት። ጉልበቱን የሚቀንሱለት ሁለት ሬዚስተር ብቻ ነው የጎደለህ።»

አደም አፉን ከፍቶ ዘጋው። «ሁለት ሬዚስተር!» አለ፤ ከዚያ ሳያስበው ሳቀ። «መጠናቸው ስንትና ስንት ነው? እስቲ አምጪ ስልክሽን።»

ሁለቱም አጎነበሱ። በአምፑ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ሰው ይገድላልና አደም ቀድሞ አፈሰሰው፤ በቴስተር ለካ፣ ደግሞ ለካ። «አንድ እጅሽን ኪስሽ ክተቺ» አላት እንደ ሁልጊዜው፣ ቢይዛት እንኳ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በልቧ እንዳያልፍ። ስቱኮውን በካቻቢቴ ፈነቀለች። ምንም ሳይሰካ ሲቀር ድምፁን በራሱ የሚያሳልፍ ጃክ መረጡ። ሁለቱን ሬዚስተር አስገብታ ሽቦውን ሁለት ዙር ጠምዝዛ፣ ጫፉን አጥፋ በየደችው። ታፔላዋንም ከላይ ወዳለው ባዶ ቦታ አዛወረቻት።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን አደም እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ። ሲመጣ፣ ከኢንተርኔት ያገኘሁት አዲስ ዘዴ ነው በዪው። ቀዳዳውንም ዛሬ በሳነው በይ። ሙገሳው ላንቺ ይሁን። እኔና እሱ በዚህ ዕድሜያችን ምን ያጣላናል?»

ሳዳ ወደ ክዳኑ ዞረች። እርሳሱን አንስታ ክዳኑ ላይ ጻፈች፦ «ሰኔ 30 ቀን 2009፣ መውጫና መግቢያ ጃክ፣ ሳዳ አደም።» ስሟ ክዳን ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር። ከስሟ በላይ አንድ መስመር ባዶ ተወች። ክዳኑንም አልገጠመችም።

ጋሼ እንደሻው ጊታራቸውን በትከሻቸው አንግተው፣ ኤኮውን በፎጣ ጠቅልለው መጡ። ጃኮቹን ሲያዩ ፎጣውን ለመፍታት እጃቸው ተጣደፈ።

«ደግሞ ምን አመጣችሁብኝ?»

«ይሞክሩት ጋሼ» አለች ሳዳ።

ኤኮውንና ጊታሩን ሰክተው አንድ ክር መቱ። ድምፁ ሻካራ ሆኖ ወጣ፤ ተከትሎት ያው ድምፅ ጥርት ብሎ ተመለሰ፣ ደግሞ ተመለሰ፣ እየራቀ ጠፋ። ጋሼ እንደሻው ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና መቱ። መንገድ ላይ ጫት የያዘች ሴትዮ ቆም ብላ ወደ ውስጥ አየች።

«ይሄን ድምፅ ስንት ዘመን ፈለግኩት!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ነገ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። አንቺ ነሽ አይደል የሠራሽው? ይሄን ሁሉ ብረት በስተሽ! አደም፣ ልጅህ ጉድ አደረገችህ። አይቻልም ብለኸኝ ነበር እኮ!»

አደም አንገቱን ደፍቶ የቴስተሩን ገመድ ጠቀለለ፤ ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው። ሳዳ አንድ «አዎ» ብትል ብቻ ይበቃ ነበር።

«ጃኩን የበየድኩት እኔ ነኝ ጋሼ» አለች። «ቀዳዳውን ግን እኔ አልበሳሁትም።»

እርሳሱን ለአባቷ ዘረጋችለት።

አደም እርሳሱን ተቀበላት። ክዳኑን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብሎ ባዶዋ መስመር ላይ ቀስ ብሎ ጻፈ፦ «1977፣ ሁለት ቀዳዳ፣ አደም።» ከዚያ በርጩማውን ወደ ጋሼ እንደሻው ገፋው።

«እንደሻው፣ ቁጭ በል እስቲ» አለ።

ጋሼ እንደሻው ጊታራቸውን እንዳነገቱ ተቀመጡ።