ሁለተኛው ቆጣሪ

ጥበቃው የብዕሩን ቀፎ ፈታው። አራገፈው፣ ነፋበት፣ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ አየው።

ባዶ።

«ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ብዕር ውስጥ ነው ተብያለሁ እኮ!» አለ ዳይሬክተሩ። ፊቱ ጠቁሯል።

መርፌ የተፈታ ብዕሯን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበች። «መርፌ» የምስጢር ስሟ ነው። እዚህ የምርምር ተቋም ውስጥ ግን ነጭ ጋውን የለበሰች፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የሰርዲን ዕድሜ ስትቆጥር የኖረች ሠራተኛ ናት። የዓሣ ድንጋዮቹን ብዕር ውስጥ እንደምትደብቅ ያወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ትናንት በስልክ የነገረችው የስለላ አለቃዋ፣ «አጎት»። ዛሬ ጠዋት ልቧ አልቆረጠም፣ ቦታ ቀየረች።

አጎት ሸጧታል።

ስሟን ገና አልሰጣቸውም፤ ነጋዴ ነውና ግማሹን ለነገ ይዞታል። ከዋናው በር ውጭ የሚጠብቃት መኪና ደግሞ የእሱ ነው። መውጣቱም ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

«ማንም አይወጣም» አለ ዳይሬክተሩ፤ ታችኛውን ክፍል ሊያስፈትሽ ወረደ። በሩ ከውጭ ተቆለፈ። መስኮቱ ድሮም ብረት አለው።

ይህ ሁሉ ግርግር ለአርባ ቅንጣት ነው። ሰርዲን ጭንቅላቱ ውስጥ የጆሮ ድንጋይ አለው፤ የሩዝ ስባሪ ታክላለች። በማይክሮስኮፕ ሲያዩዋት ቀለበት አላት፣ አንዱ ቀለበት አንድ ዓመት። ዘንድሮ ከተያዙት አርባ ዓሣዎች ሠላሳ ስምንቱ ባለ አንድ ቀለበት ናቸው። ትልልቆቹ አልቀዋል፤ ባሕሩ ውስጥ የቀሩት ሕፃናት ናቸው። ዳይሬክተሩ ግን «ባሕሩ ሞልቷል» ብሎ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ጽፏል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የፈቃድ ኮሚቴው ከተቀበለው፣ የኩባንያው መርከቦች በአንድ ወቅት ጠራርገው ይጨርሱታል። የባሕር ዳርቻው ሰው መረቡን ለልጆቹ መጫወቻ መስጠት ነው የሚቀረው።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሆነው ቀሩ። እሷ፣ ጥበቃውና ጋሼ።

ጋሼ ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ የቆጠሩ ሽማግሌ ናቸው። ከእሷ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። የሙያው ሕግ ነው፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ሁለት ሰው ይቆጥረዋል፣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ቁጥር አያይም። «አንድ ሰው የቆጠረው አልተቆጠረም» ይላሉ፣ በቀን አሥር ጊዜ። ሰውን እስኪያሰለቹ።

ጥበቃው ሳይርበው አልቀረም፣ ከኪሱ የተቀቀለ እንቁላል አውጥቶ መላጥ ጀመረ።

«ጨው አለሽ?»

መልሷንም አልጠበቀ። እጁ ምሳ ዕቃዋ አጠገብ ያለው የጨው ዕቃ ላይ አረፈ።

አርባዎቹም እዚያ ናቸው።

«ደም ግፊት አለብኝ ስትል አልነበር?» አሉ ጋሼ፣ ሳይዞሩ።

«በአንድ ቀን አልሞትም፣ ጋሼ።» ነቀነቀው። ትንሽ ወረደለትና ቆመ። መታው። «ምን ነክቶታል ይሄ? እርጥበት በልቶታል።» ክዳኑን ያዘና ማዞር ጀመረ።

አንድ ዙር።

ሁለት።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አሉ ጋሼ።

ጥበቃው እጁ ቀጥ አለ።

«ምን?»

«ድንጋዮቹን ነዋ! ጠዋት መጸዳጃ ቤት ጥዬ ውሃ ለቀቅኩባቸው። ጥራው ጌታህን።»

ዳይሬክተሩ እያለከለከ መጣ። «በዚህ ዕድሜዎ? አያፍሩም?» አለ፣ ፊቱ ግን ፈካ። የጠፋ ማስረጃ ለእሱ ሠርግና ምላሽ ነው። «ለፖሊስ ደውሉ። አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ፤ ትንፍሽ ብትይ ግን ወየውልሽ!»

መርፌ እሪ ማለት አማራት። ጋሼ ዝምታዋን በዓይናቸው ለመኗት።

«ልጄ፣ ምሳዬን ውሰጂው። ዛሬ አፌ አይቀምሰውም።»

ጥበቃው በወረቀት የተጠቀለለውን ዳቦ ጨመቅ ጨመቅ አድርጎ ሰጣት። እሷ የጨው ዕቃውን አነሳች።

«ውሰጂው፣ አይረባም» አላት።

ደረጃውን ወርዳ ዓሣ መቀበያው ክፍል ገባች። ጋውኗን አውልቃ የላስቲክ ሽርጥ ታጠቀች፣ ባዶ የዓሣ ሣጥን ተሸከመች፣ ከበረዶ ጫኞች ጋር በጓሮ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር አጎትን አየችው። መኪናው ውስጥ ሲጋራ ያጨሳል። ዓይኑ በላይዋ አለፈ፤ እሱ የሚጠብቀው ነጭ ጋውን ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ዳቦውን ፈታችው። መጠቅለያው የቆጠራ ቅጽ ነው። አርባ ቁጥሮች፣ በጋሼ ደቃቅ ጽሕፈት፤ ከታች «ሁለተኛ ቆጣሪ» በሚለው ላይ ፊርማቸው።

«አንደኛ ቆጣሪ» የሚለው ባዶ ነው።

የስለላ የመጀመሪያው ትምህርት የእጅ ጽሕፈት አለመተው ነው። ካልፈረመች ግን አንድ ሰው የቆጠረው አልተቆጠረም። የራሷን አርባ ቁጥሮች በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ ጻፈቻቸው። ፈረመች። ከሥሩ ደግሞ አንድ መስመር ጨመረች፦ «ድንጋዮቹን የወሰድኳቸው እኔ ነኝ፤ ሽማግሌው ዋሽተዋል።» ጉንጯ እርጥብ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ «አይዞሽ» አለቻት።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ላይ ቅጹና የጨው ዕቃው የኮሚቴው ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ያመጣቸው ሰው ግን በቦታው አልነበረም።

ፈቃዱ ተከለከለ። ዳይሬክተሩ ተባረረ። ጋሼም በስርቆት ተባባሪነት ስምንት ወር ታሰሩ፤ ጽሑፏ አላዳናቸውም። ሄዳ ልትጠይቃቸው አልቻለችም። ከወህኒ ቤቱ በር ፊት ለፊት የአጎት መኪና ቆሞ እንደሚውል ሰምታለች።

ሁለት ዓመት አለፈ። በሌላ ከተማ፣ ቁልፍና ክር የምትሸጥ ዝምተኛ ሴት ከገበያ አንድ ሰርዲን ገዛች። ከወትሮው ተለቅ ያለ ነው። የሱቋን በር ዘጋች፣ ጭንቅላቱን ከፈተች፣ ድንጋዩን አጉሊ መነጽር ሥር አደረገች።

ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች።

ሦስት።

ያኔ የዓመት ልጅ የነበሩት ናቸው። አድገዋል። ብቻዋን ሳቀች፣ የምታወራለት ሰው ፈልጋ ዞር አለች፣ ከጀርባዋ የክር መደርደሪያ ብቻ ነበር።

ድንጋዩን ትንሽ ፖስታ ውስጥ ከተተች፤ በላዩ ላይ የጋሼን ቤት አድራሻ ጻፈች። የላኪ ስም የለውም። ሦስት ብላ ልትጽፍበት ብዕሯን አነሳችና ተወችው። ሁለተኛው ቆጣሪ የመጀመሪያውን ቁጥር አያይም።