ሾፌሩ ዮጋ ሊያስተምር ነው

ዙለይካ የግቢውን በር በግማሽ ከፍታ ክፍተቱን በሰውነቷ ሸፈነችው። ውጪ የቆመችው የክፍል ጓደኛዋ ጉዲቱ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ለማየት ሞከረች።

«ምን ሆነሻል? አስገቢኝ እንጂ! የባዮሎጂ ደብተርሽን ልዋስ ነው የመጣሁት።»

«አመጣልሻለሁ። እዚሁ ጠብቂኝ።»

«እንግዳ አለባችሁ እንዴ?»

«አዎ… አይ፣ ግቢው እየታጠበ ነው።»

በሩን ዘጋችና ወደ ውስጥ ሮጠች። ግቢው አልታጠበም። ከፓፓያው ዛፍ ሥር አባቷ ካሚል ግራጫ ቱታ ለብሶ በአንድ እግሩ ቆሟል። የቀኝ ውስጥ እግሩን ግራ ጭኑ ላይ ለጥፎ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል። «ትንፋሽ እናስገባለን… ትከሻችንን እንለቃለን…» እያለ ማንም በሌለበት ያስተምራል።

«አባ፣ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል!»

«ይስማ። የሚሰማ ሰው አጥቼ አይደል ለፓፓያው የማስተምረው?» አለ ሚዛኑን ሳይስት።

ካሚል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አይሱዙ ነድቷል፤ ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ አዲስ አበባ ድረስ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ወገቡ ያዘውና ከመሪው ላይ ሰዎች ተሸክመው አወረዱት። ለወራት ተኛ። ሲያክሙት የነበሩት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በመጨረሻ ሣራ ወደምትባል የዮጋ አሰልጣኝ ላኩት። መጀመሪያ የሄደው እምቢ ማለት አፍሮ ነው። ወገቡ ሲለቀው ግን ማንም ሳይጎተጉተው መመላለስ ጀመረ። ሣራ የመምህራን ሥልጠና ስትከፍት ከአሥራ አንዱ ሠልጣኞች በዕድሜ ትልቁ፣ ደግሞም ብቸኛው ወንድ እሱ ሆነ። ጎረቤት «ሃይማኖት ነው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀው «የወገብ ነገር ነው» ብሎ ያልፋል።

ዙለይካ አባቷ ሳያቃስት ከአልጋ ሲነሳ ማየት ደስ ይላታል። ትምህርት ቤት ግን ሌላ ነገር ነው። አምና የአንድ የክፍላቸው ልጅ አባት ሠርግ ላይ ሲጨፍሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ ወር ሙሉ ሙድ ተይዞበታል። ስለዚህ ስለ አባቷ ሲጠይቋት «የሎጂስቲክስ ሥልጠና እየወሰደ ነው» ትላለች።

አሁን ሥልጠናው አልቋል፤ የጽሑፍ ፈተናውን ተፈትኗል፤ የማስተማር ፈተናው ቅዳሜ ነው። ካሚል በፈታኝ ፊት አንድ ክፍል መምራት አለበት፤ ከዚህ በፊት አስተምሯቸው የማያውቃቸው ቢያንስ ስድስት ሰዎች ያስፈልጉታል፤ ቤተሰብ አይቆጠርም። የሹፍርና ጓደኛው ደሊል ከነራሱ ሦስት ሾፌሮች ሊያመጣ ቃል ገብቷል። የቀሩትን ሦስት ከጓደኞቿ እንድታመጣ ዙለይካን ጠየቃት።

«እነግራቸዋለሁ» አለችው ሰኞ ዕለት። ማክሰኞ አልተናገረችም። ረቡዕም፣ ሐሙስም እንዲሁ።

ዓርብ እራት ላይ «እሺ፣ ጓደኞችሽ ይመጣሉ?» አላት።

«ይመጣሉ» አለች ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ።

ካሚል ፊቱ በራ። በማግስቱ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ ያችኑ ግራጫ ቱታ አስተኩሶ ለበሰ።

ፈተናው የሚሰጠው መናኸሪያው አጠገብ ባለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሣራ ምንጣፎቹን ዘርግታለች። ከአዲስ አበባ የመጡት ፈታኝ፣ ወይዘሮ መስከረም፣ ጥግ ላይ ወረቀታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ደሊልና ሁለቱ ሾፌሮች በካልሲያቸው ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንጀምራለን» አለች ሣራ። «ጋሽ ካሚል፣ ሌሎቹስ?»

«መንገድ ላይ ናቸው» አለ ካሚል። ከዚያ ወጥቶ ደረጃው ላይ ቆመና ወደ ታች ማየት ጀመረ። አንድ ባጃጅ በቆመ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ አንገቱን ይመልሳል።

ዙለይካ ከኋላው ቆማ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይህንን አየች። ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«አባ… አይመጡም። አልነገርኳቸውም።»

ካሚል ዞሮ አያት። «ትናንት ይመጣሉ አላልሽኝም?»

«ዋሸሁህ።»

«ለምን?»

«አፈርኩ።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም። «እሺ» ብቻ አለ። እጁን ኪሱ ከተተና ወደ ውስጥ ገባ፤ ለሣራ ሊነግራት መሆኑን ዙለይካ ገባት።

ስልኳን አወጣች። የጉዲቱን ስም ፈልጋ ደወለች።

«ሃሎ፣ ጉዲቱ? የት ነሽ?»

«ሜዳ። ቮሊቦል አሁን ጨረስን። ምነው?»

«አባቴ የሎጂስቲክስ ሥልጠና ላይ አይደለም። የዮጋ መምህር ሊሆን ነው። ዛሬ ፈተናው ነው፤ ሦስት ሰው ጎድሎታል።»

ጉዲቱ ሳቀች። ትንሽ ሳቅ አልነበረም፤ ከልቧ ነው። «ጋሽ ካሚል? ዮጋ? በናትሽ አትቀልጂ!»

ዙለይካ ጉንጯ ጋለ። ስልኩን ልትዘጋው ነበር፤ አልዘጋችውም። «ሳቂ» አለቻት። «ስትጨርሺ ግን ነይ። ሃያ ደቂቃ ነው የቀረን።»

ሳቁ ቆመ። «የት ጋ ነው?» አለች ጉዲቱ።

ጉዲቱና ሁለት የቡድኗ ልጆች ላብ በላብ ሆነው፣ የቮሊቦል ማሊያቸውን እንደለበሱ በአንድ ባጃጅ ደረሱ። «አካም ጅርታ፣ ጋሽ ካሚል! አረፈድን?» አለች ጉዲቱ እያለከለከች። ካሚል ልጆቹን አየ፣ ከዚያም ዙለይካን። ከዚያ ምንጣፎቻቸውን አሳያቸው።

ዙለይካ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ከልጆቹ አንዷ ቪዲዮ ልትቀርፅ ስልኳን ስታነሳ አየቻት። ጉዲቱ ግን ስልኩን ከልጅቷ እጅ ወስዳ በር ላይ ያወለቀችው ጫማ ውስጥ ከተተችው።

ካሚል ጀመረ። «ትንፋሽ እናስገባለን… ትከሻችንን… ትከሻችንን…» ቆመ። ለፓፓያው ስንት ቀን የደጋገመው ቃል ጠፋበት። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። የወይዘሮ መስከረም እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ይሰማል።

ካሚል እጆቹን አወረደና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ… ረጅም መንገድ ነድታችሁ ታውቃላችሁ?»

«ነድተን አናውቅም፤ ተሳፍረን ግን እናውቃለን» አለች ከልጆቹ አንዷ። ሾፌሮቹ ሳቁ።

«ይበቃል። ቁልቁለት ላይ ጭነት የያዘ ሾፌር ፍሬን ላይ አይቆምም፤ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ይወርዳል። ትንፋሻችሁንም እንደዚያ አውጡት። አትጣሉት፤ አውርዱት።»

ክፍሉ ውስጥ የስድስት ሰው ትንፋሽ አንድ ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ ካሚል የሚለውን ነገር አልፈለገውም፤ ራሱ መጣለት። በምንጣፎቹ መካከል እየተዘዋወረ የአንዱን ክርን፣ የሌላውን ጉልበት አቃና። ደሊል አጎንብሶ ጣቱ ከጉልበቱ አልወርድ ሲለው ወንበር አመጣለት። «እዚህ ላይ ተደገፍ። መሬት ካልነካህ ማንም አይከስህም።»

«ሆዴ ነው የከለከለኝ» አለ ደሊል።

«እሱንም ቀስ ብለን እናስፈቅደዋለን።»

በመጨረሻ ሁሉም በጀርባቸው ተጋደሙ። ከታች የመናኸሪያው ረዳቶች «አሰላ! አሰላ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ እዚህ ግን የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ከሁለቱ ሾፌሮች አንደኛው አንኮራፋ። ዙለይካ አባቷን አየችው፤ በባዶ እግሩ፣ እጁን አጣምሮ፣ የተኙትን በዓይኑ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ እንደዚህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ወይም አይታው ልብ አላለችም።

ወይዘሮ መስከረም ወረቀታቸውን አጥፈው ተነሡ። «የተጻፈውን ትተው የራስዎን ሲያስተምሩ ነው የወደድኩት። የማስተማር ፈተናውን አልፈዋል» አሉት። «የጽሑፍ ፈተናው ላይ ግን የአጥንቶቹን ስም አምታተዋል። የሚቀጥለው ወር እሱን ይድገሙና ሰርተፍኬቱን ይወስዳሉ።»

ደሊል እንደ ሠርገኛ አጨበጨበ። ጉዲቱ ጫማዋን እያሰረች ቀና አለች። «ጋሽ ካሚል፣ ለቡድናችን ቢያሠሩን እኮ አሪፍ ነበር። ሁላችንም ጉልበታችንን ያመናል። ለስፖርት መምህራችን፣ ለመምህር ገብረወልድ፣ ልንገራቸው?»

«የዙለይካ ትምህርት ቤት ነው» አለ ካሚል። «እሷ እሺ ካለች ነው።»

ሁሉም ወደ ዙለይካ ዞሩ። እሷ ምንጣፍ መጠቅለል ጀመረች።

ወደ ቤት በእግራቸው ሄዱ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ካሚል በጥላው በኩል አስኬዳት።

«አባ፣ ይቅርታ።»

«እኔም መጀመሪያ ሰሞን አፍሬ ነበር» አላት። «ምንጣፌን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልዬ ነበር የምሄደው። ሰው ምንድነው ሲለኝ፣ ገብስ ነው እላለሁ።»

ዙለይካ ሳቋን ልትይዝ ሞከረችና አመለጣት። ካሚልም ሳቀ። ትንሽ እንደሄዱ ግን «ትናንት ቁርጡን ብትነግሪኝ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዙለይካ ራሷን ነቀነቀች። ስለ ትምህርት ቤቱ አልጠየቃትም። እሑድም አልጠየቃትም።

ሰኞ ረፍት ላይ ጉዲቱ ሻይ ልትገዛ ስትሰለፍ ዙለይካ ብቻዋን ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። በሩ ክፍት ነው። መምህር ገብረወልድ የተነፈሰች ኳስ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በእጅ ፓምፕ ይነፋሉ። በመስኮቱ በኩል ሦስት የክፍሏ ወንዶች ቆመው ያወራሉ፤ የሚነገረው ሁሉ ይሰማቸዋል።

እስኪሄዱ ልትጠብቅ አሰበች። ከዚያ ተወችውና ገባች።

«መምህር፣ ስለ አባቴ ላናግርዎ ነበር» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።